ታዝሎ የመጣው ዲስክ

ሰርካዲስ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሦስቱንም ጊዜ ያው ነው። የመንግሥት ደብዳቤ ደጋግመው ስላነበቡት አይለዝብም።

የመጣው አዲስ አበባ ካለው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው። በድሬዳዋው የመድኃኒት መጋዘን ያለው ኮምፒውተር የሦስት ወሩን የመድኃኒት ዝርዝር በጊዜው ማድረስ አቅቶታል ይላል። ስለዚህ መጋቢት 21 ቀን 1981 ዓ.ም. ገምጋሚ ቡድን ይመጣል። ዝርዝሩ በዚያው ጠዋት፣ ዓይናቸው ፊት ታትሞ ካልወጣ፣ ማሽኑ «ከነሠራተኛዋ» ወደ አዲስ አበባ ይዛወራል። ከታች አብዮታዊ ሰላምታ አለበት። ሰላምታውን ለራሳቸው ያድርጉት!

ሌላ ሰው ቢሆን አዲስ አበባ ተዛወርሽ ሲባል እልል ይል ነበር። ሰርካዲስ ግን እናት አለቻት፤ እናቷ ወይዘሮ አስካለማርያም ደግሞ አስም አለባቸው። አስም ስል ጉንፋን በመጣ ቁጥር ኸር ኸር የሚያደርገውን ማለቴ አይደለም። ደብረ ብርሃን ሳሉ ብርዱ ሲገባ ከንፈራቸው ይጠቁር፣ ጎረቤት ተሰብስቦ «አለቀላት» ይል ነበር። በመጨረሻ አንድ ሐኪም «ቆላ ይውረዱ፤ አለዚያ ይቺን ልጅ አያሳድጓትም» አላቸው። ድሬዳዋ ወረዱ፣ ተነፈሱ፣ ልጃቸውንም አሳደጉ። ከአምስት ዓመት በፊት ሰርካዲስ ለኮምፒውተር ሥልጠና ሁለት ወር አዲስ አበባ ስትሄድ «ብቻሽን አልልክሽም» ብለው ተከተሏት፤ በሁለተኛው ሳምንት ሆስፒታል ገብተው አሥራ ዘጠኝ ቀን በኦክስጅን ከረሙ። እንግዲህ ዝውውር ማለት ለሰርካዲስ ይሄ ነው። ብትሄድ እናቷን ይዛ ወደ ሞት፤ አልሄድም ብትል ሥራዋ የለም፣ የሁለቱም እንጀራ የለም።

ድሬዳዋም ወርደው ቢሆን ሳሉ ጨርሶ አልተዋቸውም። ሌሊት ሌሊት ትንሽ ያፍናቸዋል። ሰርካዲስ ይሄን የነፋስ ሥራ ነው ብላ ስለምታምን የቤቱን መስኮት ቸንክራ ዘግታዋለች። ሰፈሩ ሁሉ በሙቀት ተቃጥሎ በርና መስኮቱን ወለል አድርጎ ሲከፍት፣ እነሱ ቤት ብቻ ተዘግቶ ይውላል። እናትየዋም ከውስጥ ጋቢ ለብሰው ቁጭ ይላሉ። ጎረቤት «ሰርኬ፣ እናትሽን እየጋገርሻቸው ነው» ብሎ ቢያሾፍም አትሰማም።

አሁን ወደ ማሽኑ። መጋዘኑ ውስጥ ስሙ ግመሉ ነው። ስሙን ያወጣለት የመጋዘኑ ኃላፊ ጓድ ሣህሉ ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ፊርማው ከራሱ የሚረዝም ሰውዬ። አንድ ቀን ዝርዝር ሲጠብቅ ውሎ «እውነተኛ ግመል ቢሆን እኮ እስካሁን ዋሂል መንደር ደርሶ ተመልሷል» አለ፤ በዚያው ቀረ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የዚህኛው እንቁላል ግን እግር ሳያወጣ ዓመቱ አለቀ። ግመሉ የራሱ ማስቀመጫ የለውም፤ ነገሩ ሁሉ ያለው ፍሎፒ በሚባሉ ስስ ዲስኮች ላይ ነው። «አንደኛውን አውጪ፣ ሰባተኛውን አስገቢ» ይላታል፤ ታስገባለች። እሷንም ሲያላምጥ ቆይቶ «አሁን ሦስተኛውን» ይላል። የአርባ ሦስት ክሊኒኮችና ሆስፒታሎች ዝርዝር እንደዚህ እየተላመጠ ሁለት ቀን ተኩል ይፈጃል።

ቢሆንም ግመሉ የተከበረ ግመል ነበር። ወይዘሮ አስካለማርያም ዳንቴል የሚሠሩ ሴት ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ ዳንቴል ያልለበሰ ራዲዮ የለም፣ ወንበር የለም፣ ቴርሞስ የለም። ልጃቸው ኮምፒውተር ላይ መሥራት ስትጀምር «ለልጄ እንጀራ የሆናት ነገር ራቁቱን አይቆምም» ብለው ሦስት ወር ሙሉ ለግመሉ ልብስ ሠሩለት። ነጭ ክር፣ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ያለበት። የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አቧራ እንዳይገባበት ደግሞ ወፍራም ሰማያዊ ገበር አስገቡለት። ላዩንና ጎኑን ሸፍኖ እስከ ጀርባው ድረስ ይወርዳል። ሥራ ሲኖር ሰርካዲስ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ የፊቱን ብቻ ትገልጣለች። ጓድ ሣህሉ እንግዳ ሲመጣ ከማሽኑ በፊት ዳንቴሉን ነበር የሚያሳየው።

ደብዳቤው በመጣ ማግስት ሰርካዲስ መጋላ ሰፈር ሄዳ ኢስሃቅን ይዛ መጣች። ኢስሃቅ ራዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነው፤ ግን ጅቡቲ ዘጠኝ ዓመት አንድ የመርከብ ወኪል ቢሮ ውስጥ ሠርቶ ኮምፒውተር ሲፈታና ሲገጠም እጁ የለመደ ሰው ነው። የግመሉን ልብስ አወለቀ፣ ቆርቆሮውን ፈታ፣ አቧራውን እፍ አለ፣ ዲስክ ሲቀያየር ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ አየ።

«አቦ ሰርኬ» አላት በመጨረሻ፣ «ሰውዬው አእምሮው ጤነኛ ነው። የሌለው ጓዳ ነው።»

«የምን ጓዳ?»

«እህሉን ጎረቤት አስቀምጦ እፍኝ እፍኝ እያመጣ የሚፈጭ ሰው አስቢ። ወፍጮው ምን ያድርግ? ቀኑ የሚያልቀው በመመላለስ ነው። ጓዳ እንስጠው። ሃርድ ዲስክ ይባላል፤ ይሄን ሁሉ ፍሎፒ አንድ ላይ ይውጠዋል።»

ጓድ ሣህሉ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። «የግዢ ጥያቄ እንጽፋለን» አለ።

«መቼ ይመጣል?»

ጓድ ሣህሉ በጣቱ ቆጠረ። «ፈቃዱ ቶሎ ከተገኘ… ለመጪው መስከረም።»

የቀራቸው አሥራ አምስት ቀን ነው። ሰርካዲስ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። ኢስሃቅ አገጩን እያሸ «እኔ የሠራሁበት ቢሮ» አለ፣ «አሮጌ ማሽን ጥሎ አዲስ አስገብቷል። የተጣለው ውስጥ ዲስክ አለ። ጓደኛዬ መጋዘን ጠባቂ ነው፤ ብጽፍለት ከነማገናኛ ካርዱ ይሰጠኛል። ግን ማን ያመጣዋል?»

ሦስቱም ያሰቡት አንድ ስም ነው። ጓድ ሣህሉ ግን ኮፍያውን አነሳ። «ጓዶች፣ እኔ እዚህ አልነበርኩም» ብሎ ወጣ።

ሃዎ የሰርካዲስ ጎረቤት ናት፤ አጥራቸው አንድ ነው። ጅቡቲ በባቡር ሄዳ ሽቶውን፣ ጨርቁን፣ ሩዙን ይዛ ትመለሳለች። የነሃዎን አሠራር የድሬ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ባቡሩ ሽንሌ ሳይደርስ ቀስ ሲል ሴቶቹ እሽጉን በመስኮት ይወረውራሉ፣ ከታች የሚጠብቅ ዘመድ ይለቅማል። ለገሀር ሲደርሱ ፊናንስ ፖሊሶቹ ፊት የሚወርዱት ባዶ እጃቸውን እያወናጨፉ፣ ከለቅሶ እንደሚመለስ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ነው። ሃዎ በዚህ ሥራ ሃያ ዓመት ስትኖር አንድ ጠርሙስ ሽቶ አልተሰበረባትም፤ እንዲያውም ስትወረውር ያያት ሰው ኳስ ተጫዋች መሆን ነበረባት ይላል።

ኢስሃቅን ያስፈራው ይሄው ነበር።

«ስሚኝ ሃዎ፣ ይሄን ከወረወርሽው አለቀ። ውስጡ እንደ ሸክላ የሚሽከረከር ሳህን አለ፤ እላዩ ላይ መርፌ አለ። አንዴ ከደነገጠ አይድንም። መሬት አታስነኪው፣ አታንገጫግጪው።»

ሃዎ ሰርካዲስን አየቻት። የሰርካዲስ ዓይን ሁሉንም ይናገር ነበር። ሃዎ ወይዘሮ አስካለማርያምን «ሆዮ» ነው የምትላቸው፣ በሶማሊኛ እናቴ ማለቷ ነው። የራሷ እናት ከሞተች ወዲህ ሌላ ሆዮ የላትም።

«ወላሂ» አለች፣ «እንደ ልጄ ነው የማመጣው።»

ሰርካዲስ ቃሉን ለማጽናኛ ነው ብላ ወሰደችው። በሳምንቱ፣ መጋቢት 15፣ ባቡሩ ሲመጣ ለገሀር ቆማ ትጠብቅ ነበር። ሴቶቹ ባዶ እጃቸውን ሲወርዱ አንድ በአንድ አየቻቸው። በመጨረሻ ሃዎ ብቅ አለች። እጇ ባዶ ነው። ጀርባዋ ላይ ግን ሕፃን ታዝሏል።

ሰርካዲስ ዓይኗን አሸች። የሃዎ የመጨረሻ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ትናንት በጫማው አጥር ላይ ኳስ ሲለጋ አይታዋለች። ሃዎ ግን በአበባ ጨርቅ አጥብቃ ያዘለችውን ነገር በእጇ ቸብ ቸብ እያደረገች፣ እሹሩሩ እያለች መጣች። ፊናንሱ አስቆማት።

«ስንት ወሩ ነው?»

«አርባ ቀኑ ነው። አሁን ገና ነው የተኛልኝ፣ አቦ እንዳትቀሰቅስብኝ!»

«ወንድ ነው?»

«ወንድ ነው። ሙመድ።»

«ያሳድግልሽ።»

«አሜን!» ብላ ጮኸች ሰርካዲስ ከሰው መሀል። ፊናንሱ ዞር ብሎ አያት። የልጁ አክስት ናት ብሎ አለፈ። ሙመድ ሦስት ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር። ደህና ልጅ ነው።

ቅዳሜ ኢስሃቅ በአንዱ የፍሎፒ ማስገቢያ ቦታ ዲስኩን ገጠመው። ፍሎፒዎቹን አንድ በአንድ አስገብተው ሁሉንም ወደ ጓዳው አስገለበጡ። ከዚያ ሰርካዲስ ጣቷን ዘርግታ ትእዛዙን ነካችው። ማሽኑ ሽው አለ፤ አንድም ጊዜ «አውጪ፣ አስገቢ» ሳይል ዝርዝሩ ተደረደረ። ማተሚያው ጭርርር… ጭርርር… ማለት ጀመረ። ሁለት ቀን ተኩል የሚፈጀው ሥራ በአንድ ሰዓት ከሩብ አለቀ። ሰርካዲስ እልል አለች፣ ቀጥላም አለቀሰች። ጓድ ሣህሉ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ «ግመሉ ፈረስ ሆነ!» እያለ መጋዘኑን ዞረ።

ኢስሃቅ ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ሰርካዲስ ማሽኑን በጨርቅ ወለወለችው፣ ቆርቆሮውን ዳሰሰችው፣ ልብሱንም አልብሳ ግራና ቀኙን አስተካከለችለት። ቤት ስትደርስ እናቷን አቅፋ «እማዬ፣ የትም አንሄድም» አለቻቸው።

ወይ ጉድ! ሰኞ ጠዋት ሥራ ጀምሮ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ግመሉ ቆመ። ቁልፍ ብትነካ አይሰማም፣ ማተሚያው መስመር መሀል ላይ ቀጥ አለ። አጥፍታ ብታበራው ትንሽ ሄዶ ደግሞ ቆመ። ኢስሃቅን አስጠራችው። ኢስሃቅ መጣ፣ ልብሱን አወለቀ፣ ቆርቆሮውን ፈታ፣ ሽቦውን ሁሉ ነካካ፣ አበራው። ግመሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀጥ ሳይል ሠራ።

«ምንም የለውም እኮ!» አለ ኢስሃቅ። ገጥሞ ሄደ።

ሰርካዲስ ልብሱን አለበሰችው፤ ሥራ ቀጠለች፤ ሰዓት ሳይሞላ ቆመ።

ማክሰኞም እንዲሁ። ሐኪም ሲያይ የሚሻለው፣ ሐኪም ሲወጣ የሚያቃስት በሽተኛ አታውቁም? እንደዚያ ነው። ኢስሃቅ ካለ ጤነኛ፣ ኢስሃቅ ከሄደ በሽተኛ። ጓድ ሣህሉ «ኢስሃቅን ከማሽኑ ጋር አስረን እናኑረው እንዴ?» ብሎ ሊያስቅ ሞከረ፤ ማንም አልሳቀለትም። ሰርካዲስ ማታ ቤት ገብታ የእናቷን ሳል እየሰማች የልብስ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎትታ አየችው። ደብረ ብርሃን የለበሷቸው ወፍራም ሹራቦች አሁንም አሉበት። መልሳ ገፋችው።

ረቡዕ ሆነ፤ ነገ ገምጋሚዎቹ ሊመጡ። ለሙቀቱ ተብሎ ከሚረዝመው የድሬ ምሳ ዕረፍት መልስ፣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ማሽኑ ደግሞ ቆመ። ደግሞ ተጠርቶ የመጣው ኢስሃቅ ትዕግሥቱ አለቀ። የጨነቀው ሰው ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባል የለ?

«ሃዎ ናት» አለ። «ሽንሌ ላይ ወርውራዋለች። ሲወድቅ ተሰንጥቋል። ለገሀር ላይ ያዘለችው ለእናንተ ማስመሰያ ነው።»

ሃዎ ተጠርታ መጣች። የተባለችውን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎ ፊቷ ጠቆረ።

«ወሪያ ኢስሃቅ! እኔን ነው? ሌሊቱን ሙሉ ጀርባዬን ሳላስደግፍ የተቀመጥኩት ለማን ነው? ጀርባዬ ቆስሏል፣ ላሳይህ? ሽቶዬን፣ ዕቃዬን ሁሉ ወርውሪልኝ ብዬ ለሌላ ሴት ሰጥቼ እሱን ብቻ ያዝኩ!»

ሰርካዲስ ዝም ማለት ትችል ነበር። ግን አፏ አልያዘላትም።

«ሃዎ፣ እውነቱን ብትነግሪኝ አልቆጣም።»

ይሄ ነው የጎዳት። ሃዎ ወጥታ መጋዘኑ ደጃፍ፣ ኒሙ ዛፍ ሥር ተቀመጠች። ወደ ቤቷ እንኳ አልሄደችም። ተወንጅላ መሄድ ጥፋተኛ ያስመስላል ብላ ይሁን፣ ወይ እግሯ እምቢ ብሏት፣ እሷ ነች የምታውቀው።

በዚህ መሀል ወይዘሮ አስካለማርያም መጡ። እያረፉ፣ ሲደክማቸውም ግንብ እየተደገፉ ነው የመጡት፤ በብብታቸው አንድ ጥቅል ይዘዋል። ሃዎን ኒሙ ሥር ሲያዩ «ምን ሆነሽ ልጄ?» አሏት። ሃዎ እጃቸውን ሳመች። እሳቸውም ክንዷን ይዘው አስነሷትና ተደግፈዋት ገቡ።

«ለነገ እንግዶች ብዬ ነው» አሉ ጥቅሉን እየፈቱ። አዲስ ዳንቴል ነው፤ ገበሩ ደግሞ ድርብ። «አሮጌው ነትቧል። የአዲስ አበባ ሰው ፊት እንዲህ ሆኖ አይቀርብም።»

ጓድ ሣህሉ ወንበር ሳበላቸው፤ ከማሽኑ ጀርባ በኩል ተቀመጡ። ኢስሃቅ ዛሬስ ሰልችቶት ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ ከፊት ሆኖ ቁልፍ ይነካካል። ሰርካዲስ ግንባሯን በእጇ ይዛለች። ሴትየዋ ከመንገዱ የተነሳ ትንፋሻቸው ገና አልተመለሰም፤ ኸር… ኸር… ይላሉ። ድንገት እጃቸውን አነሱ።

«ዝም በሉ እስቲ።»

ዝም አሉ።

«ትሰማላችሁ? እኔ መስሎኝ ነበር። እኔ አይደለሁም። እሱ ነው።»

እውነትም ከልብሱ ሥር፣ ከማሽኑ ጀርባ፣ የታፈነ ድምፅ ይሰማል። እንደ ሰው ይስባል፣ ይስባል፣ አይሞላለትም። ወይዘሮ አስካለማርያም እጃቸውን ዳንቴሉ ሥር ሰደዱ፤ ወዲያው መለሱት።

«በስመ አብ! ይሄ ልጅ ነዷል። በየት በኩል ነው የሚተነፍሰው?»

«በጀርባው ነው» አለ ኢስሃቅ። «ማራገቢያ አለው፣ ሙቀቱን በጀርባው ያስወጣል…» አልጨረሰም፣ አፉ ተከፍቶ ቀረ። ቀጥሎ ግንባሩን በመዳፉ ጧ አደረገው። «አላህ! ልብሱ! እኔ ስመጣ መጀመሪያ የማደርገው ምንድን ነው? ማውለቅ ነዋ! ስሄድ ትለብሰዋለህ፣ ስሄድ ትታፈናለህ፣ አንተ ምስኪን! በፊት ጓዳ የለህም፣ ሙቀትህም ትንሽ ነበረች፤ አሁን ሌላ እሳት ሆድህ ውስጥ ጨመርኩብህ…» ከማሽኑ ጋር ነበር የሚያወራው።

ሰርካዲስ ብድግ ብላ ዳንቴሉን ልትገፍፍ እጇን ዘርግታ ቆመች። እናቷን አየቻቸው። ሦስት ወር የተሠራ ነው፤ እያንዳንዱ ጽጌረዳ በዚያ በሚንቀጠቀጥ ጣት ነው የወጣው።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉ እናትየዋ፣ ራሳቸው ገፍፈው እያወጡት። «እኔ አልብሼ እኔ ልገድለው ነበር። ትንፋሽ ማጠር እኮ ከሁላችሁም እኔ ነኝ የማውቀው።»

ጓድ ሣህሉ መስኮቱን ከፈተው። ማሽኑን ከግድግዳው ሳብ አድርገው አጥፍተው አቀዘቀዙት፣ አበሩት፣ ጠበቁ። አንድ ሰዓት። ሁለት ሰዓት። ማንም ከወንበሩ አልተነሳም። ማሽኑ ሥራውን ጨርሶ ደግመው አዘዙት፤ ደግሞ ጨረሰ። ድምፁ ረጋ ያለ፣ እኩል የሆነ ነበር።

«እፎይ!» አለ ጓድ ሣህሉ፤ ሁሉም አብረው ተነፈሱ።

ኢስሃቅ ከዚያ ወዲያ ሃዎን ማየት ከበደው። መፍቻውን ሦስት ጊዜ ወለወለ። በመጨረሻ ፊቷ ሄዶ ጎንበስ አለ።

«ሃዎ፣ አፉ በይኝ።»

«አልልም።»

«በአላህ።»

«ባዶውን አንቀልባ አዝለህ እስከ ከዚራ ሰፈር ደርሰህ ትመለሳለህ። እሹሩሩም ትላለህ። ከዚያ እልሃለሁ።»

ሃዎ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችውን ያንኑ የአበባ ጨርቅ ኢስሃቅ ወስዶ ሲያስር እሷ ራሷ ቀድማ ሳቀች፤ አስቀረችው። ሰርካዲስ ግን እንደዚያ በቀላሉ አልወጣችም። የሃዎን አንገት አቅፋ «እኔንስ?» አለቻት። ሃዎም «አንቺን አልቀየምም» አለች፣ «ስለ ሆዮ ፈርተሽ ነው። እኔም ፈርቼ ነበር።» ሁለቱም አለቀሱ።

ሐሙስ ገምጋሚዎቹ መጡ፤ ሦስት ናቸው። መሪያቸው በድሬዳዋ መጋቢት ክራቫት አጥብቆ ያሰረ ሰው ነበር፤ አንድ ሰዓት ሳይቆይ ፈታው። ግመሉ ራቁቱን፣ መስኮት ሥር ተቀምጧል። ሰርካዲስ ጀመረች። ስልሳ አንድ ገጽ ዝርዝር ከሻይ ሰዓት በፊት ጠረጴዛው ላይ ተከመረ። መሪው ገለጠ፣ ገለጠ፣ ሌላ የሚለው ነገር ቢያጣ ማሽኑን ዞሮ አየው።

«ይሄ ዲስክ በንብረት መዝገቡ የለም። ከየት መጣ?»

ኢስሃቅ፣ በድሬ አንቱታ እንደሌለ ታውቃላችሁ፣ «አንተ ደግሞ…» ብሎ ሲጀምር ጓድ ሣህሉ አቋረጠው። ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ስብሰባ ላይ እንዳለ ሰው ሆነ።

«ጓድ፣ በራስ አቅም የመጠቀምን መመሪያ መሠረት በማድረግ፣ በአካባቢው ኅብረተሰብ ትብብር፣ በተለይም በሴቶች ጀርባ የተገኘ ነው!»

መሪው ራሱን ነቀነቀ። «በሴቶች ብርቱ ተሳትፎ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎም ጮክ ብሎ እያነበበ «ማሽኑም ሠራተኛዋም ባሉበት እንዲቀጥሉ» አለና ፈረመ።

ሰርካዲስ የምሳ ሰዓት ሲደርስ ሮጣ ነው ቤት የገባችው። እናቷ አልጋው ላይ ተቀምጠው ያንን ድርብ ገበር በምላጭ ከዳንቴሉ ላይ እየለዩት ነበር። ቤቱ እንደ ወትሮው ተዘግቷል፣ ያፍናል።

«ቀረን!» አለች። «እማዬ፣ ቀረን! ፈርመውልኛል!»

ወይዘሮ አስካለማርያም ምላጩን አስቀምጠው እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፣ እንባቸው ወረደ። ትንሽ ሳል መጣባቸው። ሰርካዲስ እንደ ልማዷ ጋቢውን አንስታ ትከሻቸው ላይ ጣል ልታደርግ ስትል እጇን ያዟት።

«ሰርኬ።»

«ወዬ እማዬ።»

«እኔንስ መቼ ነው የምትገልጪኝ?»

ሰርካዲስ ጋቢውን እንደያዘች ቀረች። እናቷ መስኮቱን አዩት፤ ከዚያም እሷን።

«ልጄ ለኔ ብላ ነው የዘጋችው እያልኩ አፍሬ ዝም አልኩ። አሥራ አንድ ዓመት። ብርድ እዚህ የት አለ? እኔን የሚያፍነኝ ይሄ መዘጋቱ ነው። አየር ስጪኝ ልጄ።»

ሰርካዲስ ጋቢውን አጥፋ አስቀመጠች። ኩሽና ገብታ መዶሻ አመጣች። ሚስማሮቹ ዝገው ስለነበር እየጮኹ ነው የወጡት። መስኮቱ ሲከፈት ከደቻቱ በኩል ነፋስ ገባ፣ አቧራም አብሮ ገባ፣ የጋሪ ደወልና የሃዎ ልጅ ኳስ ድምፅም ገባ። ሃዎ ከአጥሩ ማዶ ቀና ብላ «ሆዮ! ፊትሽን ልየው!» አለች።

ወይዘሮ አስካለማርያም ትራሱን ወደ መስኮቱ አስጠጉና ጋደም አሉ። ጥቂት ቆይተው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሰርካዲስ ወደ ሥራ እስክትመለስ አጠገባቸው ተቀምጣ ትንፋሻቸውን አዳመጠች። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ ጊዜም አላሳሉም።